የጄሶ ክፍሉ ኮማንደር

መጋቢት 2፣ ሰኞ ማታ

ማስታወቂያው ዛሬ ተለጠፈ። በዚህ ዙር የሙያ ፈቃድ ፈተናውን ያላለፈ ነርስ ከአልጋ ክፍል ተነስቶ ወደ ካርድ ክፍል ይዛወራል ይላል። ከሥሩ ማኅተም አለው። ከማኅተሙ ሥር ደግሞ አንዱ ተሳላቂ በእስክሪብቶ «መልካም ዕድል» ብሎ ጽፎበታል።

ካርድ ክፍል ማለት ከመስኮት ኋላ ተቀምጦ የሰው ካርድ ሲፈልጉ መዋል ነው። በሽተኛው በመስታወቱ በኩል ስሙን ይናገራል፣ ካርዱ ይወጣለታል፣ ይሄዳል። ግንባሩን የሚነካው ሌላ ሰው ነው። እኔ ግንባር ስነካ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በረዳትነት ገባሁ፣ ማታ ማታ ተምሬ ነርስ ሆንኩ፣ አሁን ደግሞ መቻልሽን በወረቀት አሳዪን አሉ። አሳያለሁ! ምን አቃተኝ?

ባለቤቴ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ራት ላይ ነገርኩት።

«ካርድ ክፍል ምን አለበት? ቁጭ ብለሽ ትሠሪያለሽ። እግርሽም ያርፋል» አለኝ።

እግሬን ማን ጠየቀው? ሳህኑን ከፊቱ አንስቼ ሄድኩ። ገና በልቶ አልጨረሰም ነበር።

መጋቢት 4፣ ረቡዕ

ከክፍላችን ፈተናው የቀረን አራት ነን። ሦስቱ ትናንት ከኮሌጅ የወጡ ልጆች ናቸው፤ ሁሉም የእኔ ልጆች ሊሆኑ ይችላሉ። ተበታትነው እንደሚወድቁ ስለታየኝ ዛሬ ሰበሰብኳቸው። ጄሶ የሚታሰርበት ክፍል ከአስር ሰዓት በኋላ ባዶ ነው። ወለሉ ሁልጊዜ ነጭ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል፣ እርጥብ ኖራ ይሸታል፣ ግን በሩ ይዘጋል። ሁለቱ የበሽተኛ አልጋው ላይ ተቀመጡ፣ አንዱ ተሽከርካሪው በርጩማ ላይ። እኔ ቆምኩ።

አንዱ ልጅ ሎተሪ ነው የሚባለው። «አንብበሃል?» ሲሉት «እሱ ይደርሰናል» ስለሚል ነው። ልጅቷን ጭምቷ እንላታለን፤ የልብ ምት ስትነግርህ እንኳ ጆሮህን አፏ ላይ ማድረግ አለብህ። ሦስተኛው ከአንደኛ ክፍል እስከ ኮሌጅ አንደኛ እየወጣ የመጣ ነው። ይህንንም ሳይጠየቅ ይናገራል። ስለዚህ ስሙ አንደኛ ሆኖ ቀረ።

ሕጉን ነገርኳቸው። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ስልክ ሁሉ በሩ አጠገብ ባለው የመርፌ ሳህን ውስጥ ይቀመጣል። ሳያነብ የመጣ ቆሞ ያስተምራል። ሳያስፈቅድ የቀረ ቤቱ ድረስ ይኬድበታል።

«ይሄ ወታደር ቤት ነው እንዴ?» አለ አንደኛ።

«ኮማንደሯ እኮ ፊት ለፊትህ ቆማለች» አለው ሎተሪ።

ሳቁ። ስሙ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተለጠፈብኝ። ይለጠፍ። ጥያቄ የማወጣውም እኔ ነኝ። አንድ ሰው ማውጣት አለበት።

መጋቢት 9፣ ሰኞ

ተረኛ ነኝ፣ ጊዜ የለም። ሎተሪ ዘግይቶ መጣ። አንደኛ ስልኩን ሳህኑ ውስጥ አላስቀምጥም ብሎ ኪሱ ውስጥ አጠፋው። ጭምቷ የመለሰችውን ማንም አልሰማም። እኔ ሰማሁ፤ ትክክል ነበር። የሦስት ቁጥር አልጋው ሽማግሌ ደወለ። ልሂድ።

መጋቢት 13፣ ዓርብ ማታ

ሎተሪን ዛሬ አቆምኩት። የልብ ድካም አንብቦ እንዲመጣ ነግሬው ነበር። በባዶ እጁ መጣ።

«ቁም» አልኩት።

«ኮማንደር፣ ትናንት ሌሊት ተረኛ ነበርኩ እኮ።»

«እኔም ነበርኩ። ቁም።»

ቆመ። የጄሶ መቁረጫውን መጋዝ እንደ ማይክ ያዘና ጀመረ። «ልብ ማለት ፓምፕ ናት። ፓምፗ ስትደክም ውኃው ወደ ኋላ ይመለሳል። ሳንባ ውስጥ ይጠራቀማል። ሰውየው ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ትራስ ይደራርባል። እግሩ ያብጣል፣ ጫማው አልገባ ይለዋል።»

«መድኃኒቱስ?»

«መድኃኒቱ…» መጋዙን አስቀመጠ። «ኮማንደር፣ እዚህ ላይ ቁጭ ማለት ይቻላል?»

ጭምቷ ጮክ ብላ ሳቀች። ድምፅ አላት ለካ! መድኃኒቱን እሷ ተናገረች፣ አንደኛ ደግሞ መጠኑን አረማት። ክርክር ሆነ። አስራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ በግድ ነው ያስወጣኋቸው። ደስ ብሎኝ ወደ ቤት ሄድኩ። እነዚህን ልጆች አሳልፋለሁ። አለቀ።

የራሴን ምዕራፍ ነገ አነባለሁ። ዛሬ የሰኞውን ጥያቄ ማውጣት አለብኝ።

መጋቢት 18፣ ረቡዕ

ባለቤቴ ለጓደኛው በስልክ ሲያወራ ሰማሁት። «ቤታችን ትምህርት ቤት ሆኗል ወንድሜ። ደወል መደወል ብቻ ነው የቀረኝ።» ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ እንጃ፤ ስትወድቅ ማየት ነው የሚያስፈራኝ።»

ስትወድቅ አለ። ብትወድቅ እንኳ አላለም።

ምንም እንዳልሰማ ሰው ገብቼ መብራቱን አጠፋሁበት።

መጋቢት 23፣ ሰኞ

አንደኛ ትቶን ሄደ። ጥያቄ እያወጣሁ ሳለ ደብተሩን አጠፈ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኔ እዚህ ስመጣ ወደ ኋላ ነው የምሄደው። ሦስት ሰው አዝዬ ዳገት አልወጣም።»

«ሁለት በል» አልኩት። «እኔን ማን እዘለኝ አለህ?»

ደብተሩን ብብቱ ሥር ሸጎጠ። ሎተሪ መሬት መሬት ያያል። ጭምቷ የደብተሯን ጠርዝ ትላጣለች።

«እርስዎን አክብሬ ነው ዝም የምለው» አለና ወጣ።

ምን ማለቱ ነው? ዝም ባይል ምን ሊል ነበር? ደሜ ፈላ። ይሂድ! ለብቻው የሚያነብ ሰው ሲያንቀላፋ ማን ይቀሰቅሰዋል? ሕጉ ቤቱ ድረስ ይኬድበታል ይላል። ግን እሱ ሳያስፈቅድ አልቀረም። አስፈቅዶ ነው የሄደው። ሕጉ ላይ ክፍተት ትቻለሁ። የእኔ ጥፋት ነው።

መጋቢት 25፣ ረቡዕ

የክፍላችን ኃላፊ ሲስተር ሻይ ልጋብዝሽ ብላ ጠራችኝ። አብረን ነው የተቀጠርነው። እሷ ድሮ አልፋ ጨርሳለች።

«ልጆቹን ተያቸውና የራስሽን አንብቢ» አለችኝ።

«የራሴን እያነበብኩ ነው።»

«መቼ?»

«ማታ።»

«ማታ ጥያቄ ነው የምታወጪው። ጭምቷ ነግራኛለች። አድንቃ ነው የነገረችኝ፣ እንዳትቆጫት።»

«ጥያቄ ማውጣት ከመመለስ ይከብዳል» አልኳት።

ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ። ከሰዓት በኋላ ንጹሕ አንሶላ ላመጣ ስሄድ ኃላፊዋ ከዶክተሩ ጋር ቆማለች። «ልጆቹስ ያልፋሉ። እሷ ናት አንጀቴን የምትበላኝ» ስትል ሰማሁ። ማንን ማለቷ እንደሆነ አልያዝኩም። ጭምቷን መሆን አለበት። ለጭምቷ ተጨማሪ ጥያቄ አወጣላታለሁ።

ሚያዝያ 2፣ ረቡዕ ማታ

ዛሬ የሆነውን ካልጻፍኩት እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሎተሪ ከሁላችን ቀድሞ ደረሰ። ይህ ብቻውን ሊያስደነግጠኝ ይገባ ነበር። ፊቱ በርቷል።

«ኮማንደር፣ ደረሰኝ!»

«ምኑ?»

«ዕጣው!» ስልኩን አወዛወዘ። «ፈተናው። ሙሉው። ከነመልሱ። ሌላ ሆስፒታል ያሉት ሁሉ ይዘውታል፤ እኛ ብቻ ነን እዚህ ጄሶ ውስጥ ተቀብረን የልብ ድካም የምንዘምረው።»

ጭምቷ በቆመችበት ደረቀች። እኔ በሩን ዘጋሁት፤ ሎተሪ ስልኩን እንደ ሕጉ ሳህኑ ውስጥ ወረወረው።

«አጥፋው» አልኩ።

«ኮማንደር…»

«ወይ እሱን ታጠፋለህ፣ ወይ አንተ ትወጣለህ።»

«እኔ ባልፍ ማን ይጎዳል? ንገሩኝ እስቲ። ማን?»

«ሰባት ቁጥር አልጋ ላይ ያለችው የስኳር በሽተኛ ትጎዳለች! ስትንቀጠቀጥ ስኳሯ ይውጣ ይውረድ ከስልክህ ልታይላት ነው?»

ያን ጊዜ ጭምቷ ተናገረች። ጥርት ባለ ድምፅ። «አንድ ጊዜ ብቻ እንየው።»

ዞር ብዬ አየኋት። እንባዋ ዓይኗ ላይ ቆሟል። «እኔ ካላለፍኩ ሁለተኛ ዕድል የለኝም። አባቴ ነይ ወደ ቤት ግቢ ነው የሚለኝ። በቃሽ፣ ሞክረሽዋል፣ ግቢ ነው የሚለኝ።»

አሳዘነችኝ። አልዋሽም። ቢሆንም «አይሆንም» አልኩ። «እዚህ ክፍል ውስጥ አይሆንም። እኔ ባለሁበት አይሆንም። በሌላ ቦታ የምታደርጉትን አላይም፤ እዚህ ግን እንደ ሰው ነው የምናልፈው፣ እንደ ሰውም ነው የምንወድቀው።»

ሎተሪ ሳቀ። የሚያስቅ ነገር ስለነበረ አይደለም። «እርስዎ ኮማንደር ነዎት እንጂ ዳኛ አይደሉም» አለና ሳህኑ ውስጥ የወረወረውን ስልክ ሊያነሳ ጎንበስ አለ። ሲወጣ በሩን አላጋጨውም። ቢያጋጨው ይሻለኝ ነበር።

ስልኩን ሲያነሳው ስክሪኑ በርቶ ነበር። እኔ አላየሁም። ዓይኔን ወዲያው ነው ያነሳሁት። ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ኢንሱሊን መሆኑን ብቻ ነው የማውቀው።

ሚያዝያ 4፣ ዓርብ

ጭምቷ ብቻ መጣች። ስለ ረቡዕ አላነሳንም። እስከ ማታ ኢንሱሊን ላይ ነው የዋልነው። ምን አለበት? ኢንሱሊን እንደ ማንኛውም ርዕስ ርዕስ ነው።

ሚያዝያ 7፣ ሰኞ

ዛሬ ጭምቷ አልጋው ላይ አልተቀመጠችም። እኔ የምቆምበት ቦታ ቆማ ጠበቀችኝ። በእጇ ወረቀት ይዛለች።

«ዛሬ ጥያቄ ያወጣሁት እኔ ነኝ» አለች። «እርስዎ ይቀመጡ።»

«እንዴ! ማን ፈቀደልሽ?»

«እስከ ዛሬ አንድም ጥያቄ መልሰው አያውቁም። ቆጥሬያለሁ። ማለቴ፣ የሚቆጠር ነገር አልነበረም።»

በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ይሽከረከራል፤ እግሬን ወለሉ ላይ ተከልኩት።

«አንድ ሊትር ግሉኮስ በስምንት ሰዓት እንዲያልቅ ታዟል። መስመሩ ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ይሰጣል። በደቂቃ ስንት ጠብታ ነው?»

ስንቱን ግሉኮስ ሰቅያለሁ። ስንቱን! መስመሩን በሁለት ጣቴ እይዘዋለሁ፣ ጠብታውን አያለሁ፣ ይበቃል ስል ይበቃል። አንድም ቀን ቀድሞ አልቆብኝ፣ አንድም ቀን ዘግይቶብኝ አያውቅም። ይህንኑ ነገርኳት።

«በቁጥር ስንት ነው?» አለችኝ።

«እጄ ያውቀዋል።»

«ፈተናው እጅ አይጠይቅም።»

እንዲህ ያለ ነገር ከዚያ አፍ ይወጣል ብሎ ማን ይጠብቃል? ሌላ ጠየቀችኝ። ሌላም። ሰባተኛው ላይ ተነሳሁ። ምን እንዳልኳት አልጽፈውም። አስተማሪሽ ልሁን ወይስ መጫወቻሽ ዓይነት ነገር ነው። ጃኬቴን ረስቼ ወጣሁ።

ሚያዝያ 9፣ ረቡዕ

አልሄድኩም። ራሴን አሞኛል።

ሚያዝያ 11፣ ዓርብ

የሚታጠብ ልብስ በዝቶ ነበር። በዚያ ላይ አንዲት ልጅ ብቻዋን ከሆነች ቡድን አይባልም። ቡድን ከሌለ ደግሞ መሪ ለምን ያስፈልጋል? እኔ እነሱን አሳልፋለሁ ብዬ ነው የተነሳሁት። እኔ ለእነሱ ብዬ ነው።

ባለቤቴ «ዛሬ ዓርብ አይደል?» አለኝ።

«ነው። ታዲያስ?» አልኩት።

ባልዲውን አንስቶ ውኃ ሊቀዳልኝ ሄደ። እሱ እንዲህ ሲያግዘኝ ነው የሚያናድደኝ።

ሚያዝያ 13፣ እሑድ ማታ

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ባለቤቴ ከፈተ። እኔ ጓዳ ነበርኩ፣ ድምፅ ብቻ ነው የሰማሁት።

«እንደምን ዋሉ ጋሼ። ኮማንደር አሉ?»

ሎተሪ! ሽንኩርት የምከትፍበትን ቢላ እንደያዝኩ ወጣሁ። ሎተሪና ጭምቷ በር ላይ ቆመዋል። ጭምቷ ጃኬቴን አጣጥፋ ይዛዋለች።

«ምን ፈለጋችሁ?»

«ሳያስፈቅድ የቀረ ቤቱ ድረስ ይኬድበታል» አለ ሎተሪ። «ሁለት ቀን ቀርተዋል። ሕግ ነው።»

«አንተ ምን አገባህ? አባርሬህ የለ?»

«እኔን አባረሩኝ፣ ሕጉን አላባረሩም።» ከዚያ ቀልዱን ተወው። «አጠፋሁት ኮማንደር። ማንም ነግሮኝ አይደለም። ሰባት ቁጥሯ ሌሊት ስኳሯ ወርዶ ስትንቀጠቀጥ ተረኛው እኔ ነበርኩ። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነበር። አላየሁትም። ጄሶ ክፍል ውስጥ የተማርኩትን ነው ያሰብኩት። ስኳር የበዛበት ሻይ አጠጣኋት፣ ተቀመጠች፣ ያለ ዳቦ ሻይ ሰጠኸኝ ብላ ሰደበችኝ።»

ባለቤቴ ከኋላቸው ሆኖ ይሰማል። «ግቡ እንጂ» አላቸው። «ኮማንደርን ልትይዟት ከመጣችሁ ካቴና ይዛችኋል?»

ገቡ። ጭምቷ ሶፋው ላይ አልተቀመጠችም።

«ሳያነብ የመጣ ቆሞ ያስተምራል» አለች፤ ድምፅዋ ተመልሶ ወደ ሹክሹክታ ወርዷል። «እርስዎ ግን አልመጡም። እኛ ነን የመጣን። ስለዚህ ምን እንደሚሆን አላውቅም።»

ቢላውን አስቀመጥኩ። በገዛ ሳሎኔ መሐል ቆምኩ። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ዘጋው፤ ኳስ ነበር።

«አንድ ሊትር» አለ ሎተሪ። «ስንት ሚሊ ሊትር ነው?»

«አንድ ሺህ። ሞኝ አደረግከኝ እንዴ?»

«እሺ። በሃያ ጠብታ ያብዙት።»

አበዛሁት። ሃያ ሺህ። ስምንቱን ሰዓት ወደ ደቂቃ አስቀየሩኝ። እዚህ ላይ ተሳሳትኩ። ደገምኩት፣ ተሳሳትኩ። ማንም አልሳቀም። አለመሳቃቸው ነው ላብ በላብ ያደረገኝ። በሦስተኛው አራት መቶ ሰማንያ መጣ። አካፈልኩት።

«አርባ አንድ ነጥብ ምናምን» አልኩ።

«ጠብታ ይቆረጣል?» አለች ጭምቷ።

«አርባ ሁለት!»

ሎተሪ አጨበጨበ። እኔ ተቆጣሁት። ከዚያም ስንቱን ጥያቄ እስኪመሽ ድረስ ቆሜ መለስኩ፤ አብዛኛውን ተሳስቼ። ያልመለስኩት ምን ያህል እንደሆነ ዛሬ ነው ያየሁት። ይህችን ልጽፋትና ልለፋት።

ሚያዝያ 14፣ ሰኞ

ጠዋት ባለቤቴ ሥራ ሊወጣ ጎንበስ ብሎ ጫማውን እያሰረ፣ ቀና ሳይል፣ «አርባ ሁለት» አለ።

«ምኑ?»

«ጠብታው።»

ወጣ።

ሚያዝያ 21፣ ሰኞ

በርጩማው ላይ እኔ ነኝ አሁን። ጥያቄ በየተራ ይወጣል። ሎተሪ ሲያወጣ መልሱ ሁልጊዜ «ሐ» ነው፤ ነቄ ብለንበታል። ኃላፊዋ በሩን ከፍታ አየችን፣ እኔ ቁጭ ብዬ ጭምቷ ቆማ ስትቆጣኝ። ቀስ ብላ ዘጋችው።

ሚያዝያ 28፣ ሰኞ

ያ የተሰራጨው ፈተና ያለፈው ዓመት ነው አሉ፤ ቀኑን ቀይረው ሲያዞሩት የነበረ። ሎተሪ ሲሰማ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ግድግዳው ላይ ተደገፈ፤ ጋውኑ ነጭ በነጭ ሆነ። ጭምቷ እየሳቀች አራገፈችለት።

ግንቦት 5፣ ሰኞ

ደክሞኛል። ያነበብኩት ከራሴ ይፈሳል። የኩላሊቱን ጠዋት አውቀው ነበር፣ ማታ የለም። ኃላፊዋ ፈረቃዬን ቀየረችልኝ። አልጠየቅኳትም። አመሰግናለሁም አላልኩም፤ ነገ እላለሁ።

ግንቦት 9፣ ዓርብ

የመጨረሻው ስብሰባ። ጥያቄ አልነበረም። ጭምቷ «ነገ ሳያነብ የመጣ…» ብላ ጀመረች፣ መጨረስ አቃታት። «ቆሞ ይፈተናል» አለ ሎተሪ። ሄዱ። ወለሉን ጠርጌ ወጣሁ።

ግንቦት 10፣ ቅዳሜ

አዳራሹ ሙሉ ኮምፒውተር ነው። ከጥጉ ላይ የቀረውን ደቂቃ የሚቀንስ ሰዓት አለ፤ ሰው ፊት ቆሞ ትንፋሽህን እንደሚቆጥር ነው። የጠብታው ዓይነት ጥያቄ መጣ። ሠራሁት! ሌሎች ግን ነበሩ። ሁለት መልስ እኩል ትክክል የሚመስሉበት። እኔ አልጋው አጠገብ ብሆን የቱን እንደማደርግ አውቃለሁ፤ ወረቀቱ የቱን እንደሚፈልግ ግን እንጃ። የመጨረሻዎቹን እየተቻኮልኩ ነካካኋቸው። ሰዓቱ አለቀ።

ሎተሪ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ነበር። «እንዴት ነበር?» አልኩት። «ኮማንደር፣ አስቤ መለስኩ። ደስ አይልም» አለኝ።

ሰኔ 3፣ ሰኞ

አንደኛ አለፈ። ጭምቷ አለፈች። ሎተሪ አለፈ።

እኔ በሦስት ነጥብ ወደቅኩ።

ሰኔ 3፣ ማታ

አንደኛ ከክፍሉ አንደኛ ነው የወጣው። ኮሪደር ላይ አገኘሁት፣ «እንኳን ደስ አለህ» አልኩት። «ካልተውኳችሁ ኖሮ አብሬያችሁ…» ብሎ ጀመረ። «ተወው፤ ለብቻህ የሚሆንልህ ዓይነት ሰው ነህ» አልኩት። እውነቴን ነው። አለ እንደዚያ ያለ ሰው። እኔ አይደለሁም። እስከ ዛሬ ድረስ ነኝ ብዬ ነበር መሰለኝ።

ሎተሪ ጄሶ ክፍሉ ውስጥ አለቀሰ። ያን የሚያህል ጎረምሳ። «እርስዎ ሳያልፉ እኔ በምን ሒሳብ?» ይላል። ሳልወድ እኔው አባበልኩት። ጭምቷ ግን አላለቀሰችም። የት የት እንደተሳሳትኩ ለመጠየቅ ቢሮ ለቢሮ ስትዞር ነበር የዋለችው።

ባለቤቴ በር ላይ ጠበቀኝ። ፊቴን አይቶ ገባው። እግርሽ ያርፋል አላለኝም። «ሦስት ነጥብ ምን ያህል ጥያቄ ነው?» አለኝ።

«ሁለት። ሦስት። እንጃ።»

«የሚደረስበት ነው ማለት ነው» አለና ራቱን አቀረበ። ጨው አብዝቶበታል። ጨርሼ በላሁት።

ሰኔ 4፣ ማክሰኞ

ኃላፊዋ ቁልፌን ልትቀበል እጇን ዘረጋች፣ ከዚያ እጇን ሰበሰበች። «በእኔ ቢሆን…» አለች።

«በአንቺ አይደለም» አልኳት። «አንቺን ማን ወቀሰሽ? ፈረቃዬን ስለቀየርሽልኝ አመሰግናለሁ። ሳልነግርሽ ቀርቻለሁ።»

በየአልጋው ዞሬ ሁሉንም ተሰናበትኩ። ግንባራቸውን ነካሁ። ሁለቱ ትኩሳት ነበራቸው፣ ለተረኛዋ ነገርኩ። አሁንም እጄ ያውቃል። ማንም ምንም ቢል ያውቃል።

ሰኔ 10፣ ሰኞ

ካርድ ክፍል። ሦስት ሰዎች አሉ። ሁለት ሴቶችና አንድ ጋሼ። ሁሉም እንደ እኔ ከአልጋ ክፍል የወረዱ ናቸው፤ ጋሼ ከሁሉም ቀድመው። እጅጌያቸው ላይ አቧራ እንዳይነካቸው ጨርቅ ያስራሉ። ወንበር አመቻቹልኝ፣ መስኮቱን አሳዩኝ።

«መጀመሪያ ይከብዳል» አሉኝ ጋሼ። «ከዚያ ትለምጂዋለሽ። እዚህ የገባ አይወጣም።»

«ማነው ያለው?»

«ምን ማነው ያለው? አየን እንጂ!»

«ስንት ጊዜ ተፈተኑ ጋሼ?»

«አንድ ጊዜ። ለምን ደግሜ እዋረዳለሁ?»

ሁለቱ ሴቶችም አንድ አንድ ጊዜ። ከዚያ አመት በአመት ላይ፣ መስኮቱ ሥር። አንደኛዋ በመስታወቱ በኩል የመጣን ሕፃን አይታ «ይሄ ልጅ ውኃ አንሶታል፣ ቶሎ አስገቡት» ብላ ጮኸች። ከዚህ ወንበር ላይ ሆና! ወሽመጤ ቁርጥ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ንዴት መጣብኝ። ምን ቆርጦኝ ነው የምለምደው!

ሰኔ 14፣ ዓርብ

ጭምቷ በምሳ ሰዓት ካርድ ክፍል መጣች። «ጄሶ ክፍል አሁንም ከአስር ሰዓት በኋላ ባዶ ነው» አለች። ነይ ብዬ አልለመንኳትም። እምቢም አላልኳትም። ከኋላዬ ያሉትን ሦስቱን በአገጬ አሳየኋት። አየቻቸው፣ ሳቀች፣ «ወንበር አይበቃም» አለች። ሎተሪ ከየትም ብሎ ያመጣል።

ጋሼን ማሳመን ግን ድንጋይ መግፋት ነው። «ልጄ፣ ዓይኔ አያይም» ይላሉ። በካርዱ ላይ ያለውን የዝንብ እግር የሚያክል ጽሑፍ ያነባሉ እኮ! ነገርኳቸው። «እሱ ሌላ ነው» አሉ።

ሰኔ 20፣ ሐሙስ

ዛሬ የሚቀጥለው ዙር ምዝገባ ተከፈተ። ለምሳ ወጥተን ተሰለፍን። ፀሐዩ ራስ ይበሳል፣ ሰልፉ ሙሉ ልጆች ነው፣ አንዱ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቶ ይወዛወዛል። ሁለቱ ሴቶች ከኋላዬ ቆመው እንደ ኮረዳ ይሳሳቃሉ። ጋሼ ሦስት ጊዜ ሰዓታቸውን አዩ፣ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት አሉ። ሁለቱንም ጊዜ በር ላይ ጠበቅኳቸው።

መስኮቱ ጋ ደረስን። መዝጋቢው ልጅ እግር ነው። ቀና ብሎ አየኝና ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «እማማ፣ ለልጅዎ ነው የሚያስመዘግቡት?» አለኝ።

«ለራሴ ነው።»

«እ… ይቅርታ። የመጀመሪያዎ ነው?»

«አይደለም» አልኩት፣ ከኋላ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ ጮክ ብዬ። «ወድቄያለሁ። ጻፍ።»

ጻፈ። ከጀርባዬ የጫማ ኮቴ ሲያፈገፍግ ሰማሁ። ሳልዞር እጄን ወደ ኋላ ሰድጄ የጋሼን እጅጌ ያዝኩ፤ አቧራ የሚከላከሉበትን ጨርቅ ሳይፈቱ ነው የመጡት።

«እኚህንም ጻፍ» አልኩት ለልጁ። «ከእኔ ጋር ናቸው።»